ከአበዳሪና ከውሻ ማን ይቅደም?

ከሰው ገንዘብ የተበደረ ሰው፣ የመክፈያው ቀን አልፎበት ሳለ ለውሻው ሳንባ ቢገዛ አበዳሪውን በድሏል ይባላል? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀልድ ይመስላል። በአገራችን ውሻ የስድብ ስም ነው፤ ዕዳ ግን የክብር ጉዳይ ነው። ሁለቱ በአንድ ሚዛን ላይ ሲቀመጡ የትኛው እንደሚከብድ ለማወቅ ፈላስፋ መሆን አያሻም የሚል ይኖራል። እኔ ግን ነገሩ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው እላለሁ። ስለ ውሻ የተጠየቀ ይምሰል እንጂ፣ በእርግጥ የሚጠይቀው ገንዘብ ለሁሉም ሳይበቃ ሲቀር ከሚጠብቁን መካከል ማንን እናስቀድም የሚለውን ነው። ይህ ደግሞ ወር በመጣ ቁጥር በየቤታችን የምንሰጠው ፍርድ ነው።

ፍርዱ ብቻውን በሚኖር ሰው ቤት ይበልጥ ይከብዳል። ባለ ትዳር ቤት ውስጥ ባል ይናገራል፣ ሚስት ትመልሳለች፣ ልጅ ጫማዬ ተቀደደ ብሎ ያለቅሳል። ጭቅጭቁ ራሱ ሸንጎ ነው፤ ማንም ሳይሰማ የሚቀር የለም። ብቻውን የሚኖር ሰው ግን ከሳሹም፣ ተከሳሹም፣ ዳኛውም እሱው ነው። አብሮት ያለው ሌላ ነፍስ ውሻ ከሆነ ደግሞ ይህ ወገን አቤቱታ አያውቅም። ሲርበው ደጃፍ ላይ ተጋድሞ ዐይን ዐይን ያያል እንጂ «ባለፈው ወር ቃል ገብተህልኝ ነበር» አይልም።

በግምት እንዳላወራ የራሴን ሒሳብ ላቅርብ። ጽሑፍ እየሸጥሁ ስለምኖር ገቢዬ ወር ጠብቆ አይመጣም። የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ መቻል ከሚባል ውሻ ጋር ነው። ዕዳዬ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ለሕክምና ከአንድ ወዳጄ የወሰድሁት 18,000 ብር ነው። ሁለተኛው በሰፈራችን ሱቅ የዱቤ መዝገብ ላይ የሰፈረው ሲሆን፣ በወር ከ2,000 እስከ 2,500 ብር ይደርሳል። ሦስተኛው ብዙ ሰው ከዕዳ የማይቆጥረው ዕቁብ ነው። አሥራ ሁለት ሆነን በወር 2,000 ብር እንጥላለን። በመጀመሪያው ወር ዕጣ የወጣለት ሰው 2,000 ጥሎ 24,000 ይዞ ይሄዳል፤ ይህ ማለት ከአሥራ አንድ ሰዎች 22,000 ብር ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው። መጨረሻ የሚደርሰው ሰው ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሳያውቀው አበዳሪ ሆኖ ኖሯል። ለእኔ ዕጣው በሁለተኛው ወር ስለ ወጣ እስከ ዙሩ ፍጻሜ ባለ ዕዳ ነኝ።

መቻል በበኩሉ በወር 1,000 ብር ገደማ ይፈጃል። ከልኳንዳ ቤት ሳንባና አጥንት፣ ከወፍጮ ቤት ፉርሽካ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ያስፈልገዋል። አከራዬ የዚህን ሁሉ ዝርዝር ባያውቁትም ፌስታሉን ያያሉ። ወዳጄ ገንዘቡን ሊጠይቅ መጥቶ በተመለሰ ማግስት፣ «ልጄ፣ የሰው ገንዘብ እያለብህ ለውሻ ሳንባ ትገዛለህ?» አሉኝ። ክፋት የለባቸውም። ያነሡትም ከጥንት ጀምሮ ሲነሣ የኖረ ክርክር ነው።

ፕላቶ «ሪፐብሊክ» በተባለው ድርሰቱ መግቢያ ላይ ከፋሎስ የሚባል አንድ ባለጸጋ ሽማግሌ ያናግራል። የሽማግሌው ሐሳብ ባጭሩ ሲነገር፣ ጽድቅ ማለት እውነት መናገርና የተበደሩትን መመለስ ነው የሚል ነው። ሶቅራጥስ ይህን ሲሰማ አንድ ጥያቄ ብቻ ያቀርባል፦ አንድ ሰው ጤነኛ ሳለ መሣሪያውን አደራ ቢሰጠኝና አእምሮውን ከሳተ በኋላ መልስልኝ ቢለኝ ልመልስለት ይገባል? ማንም አዎ አይልም። ከፋሎስም ክርክሩን ለልጁ ትቶ ወደ መሥዋዕቱ ይሄዳል። ከዚህ የምንማረው ዕዳ አይከፈል የሚል አይደለም። የምንማረው «የሰው ገንዘብ ይመለስ» የሚለው ሕግ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ መቼና በማን ኪሳራ ለሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ እንደማይሆን ነው።

የእኛም አገር ሕግ ይህን ያውቃል። በድሮው ዘመን ባለ ዕዳ ከአበዳሪው ጋር በሰንሰለት ተቆራኝቶ፣ ዕዳው እስኪከፈል አብሮ ይውል አብሮ ያድር ነበር። ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። ልማዱ ቢቀርም ቃሉ አልቀረም፤ አንድን ሰው ከዐይናችን ሳናርቅ ስንጠብቀው ዛሬም «በዐይነ ቁራኛ» እንላለን። ከዚያ ዘመን እስከ 1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ድረስ የተሄደው መንገድ ረጅም ነው። የዚህ ሕግ ቁጥር 404 ፍርድ ቤት እንኳ ከባለ ዕዳው ቤት ሊነካቸው የማይችላቸውን ነገሮች ይዘረዝራል፦ አስፈላጊ ልብስ፣ ማብሰያ ዕቃ፣ መኝታ፣ የሙያ መሣሪያ፣ ገበሬ ከሆነም ለኑሮው የሚያስፈልጉት ከብቶችና ዘር። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለባለ ዕዳውና ለቤተሰቡ ሦስት ወር የሚበቃ ምግብና ገንዘብ እንዲተውለት ያዝዛል።

ይህን ድንጋጌ ባነበብሁ ቁጥር አደንቀዋለሁ። ሕጉ አበዳሪውን «ገንዘብህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከዚህ ሰው ገበታ ላይ አታነሣውም» ይለዋል። ከዕዳ በፊት የሚቀድም አንድ ነገር አለ ማለት ነው፤ እሱም በዚያ ቤት ያለ ነፍስ ዕለታዊ ጉርስ ነው። ታዲያ ቤተሰቡ ውሻ የሆነበት ሰውስ?

ሕጉ ለዚህ መልስ የለውም። በሕግ ዐይን ውሻ ንብረት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ ሳይታሰብ አምልጦ ያደረሰው ቢሆን እንኳ፣ ኃላፊ ነው ይላል። ውሻዬ የጎረቤት ልጅ ቢነክስ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ውሻዬ ቢራብስ? የሚጠይቀኝ የለም። በአማርኛችን ጠያቂ የሌለው ነገር «የውሻ ደም» ይባላል፤ ቢፈስስ የሚካስ፣ ቢጠፋ የሚፈለግ አይደለምና።

ንብረት ከሆነ ደግሞ ለኪሳራ ሲዳርግ መሸጥ ወይም መጣል ነው የሚል ቤት አስተዳዳሪ ሞልቷል። ከእነዚህ ስመ ጥሩው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ234 እስከ 149 የኖረው ሮማዊው ካቶ ነው። ካቶ በቁጠባው የተመሰገነ ሰው ነበር። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ፕሉታርክ እንደሚተርከው፣ ካቶ ያረጁ ባሪያዎቹን እንዳይቀልባቸው ይሸጥ ነበር፤ በዘመቻ ሲጋልበው የኖረውን ፈረስ እንኳ የመርከብ ወጪው መንግሥትን እንዳያስወጣ ብሎ እስፔን ትቶት ተመልሷል። ፕሉታርክ ግን በዚህ ቁጠባ አልተደሰተም። እሱ ስለ እርጅናው ሲል ሲያርስለት የኖረ በሬ እንኳ እንደማይሸጥ ይናገራል። አቴናውያንም ለቤተ መቅደሳቸው ሥራ ስትደክም የነበረች አንዲት በቅሎ ቀሪ ዘመኗን በሕዝብ ወጪ እንድትቀለብ መወሰናቸውን ያስታውሳል። ካቶ የበቅሎዋን ቀለብ ብክነት ይለው ነበር፤ አቴናውያን ግን ውዝፍ ደመወዝ አሉት። ልዩነቱ በገንዘቡ መጠን ሳይሆን ገንዘቡ በተጻፈበት ዓምድ ላይ ነው።

የጥያቄዬም መፍቻ እዚህ ያለ ይመስለኛል። አከራዬ ለመቻል የምገዛውን ሳንባ ያዩት እንደ ምጽዋት ነው። ምጽዋት ከሆነ እውነት አላቸው፤ በሰው ገንዘብ መመጽወት አይቻልም። እኔ ግን የመቻል ቀለብ ምጽዋት ነው ብዬ አላምንም። ቡችላ ሳለ ከእናቱ ወስጄ፣ በሩን ዘግቼ፣ ራሱ ፈልጎ እንዳይበላ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ነፃነቱን ወስጄ በምትኩ ቀለቡን ልሸከም ገባሁ። ፊርማ የለም፣ ምስክር የለም፤ ውል ግን ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለውን ተረት በጉርሻ ለሚያድር ሰው መንቀፊያ አድርገነዋል እንጂ፣ ለውሻው ከሆነ ነቀፌታ የለበትም፤ የውሉን የራሱን ድርሻ መፈጸሙን ይመሰክርለታል። መቻል ሌሊት ሌሊት ይጮኻል። የሚቀረው የእኔ ድርሻ ነው።

ጀርመናዊው ፈላስፋ ካንት (እ.ኤ.አ. 1724-1804) በሥነ ምግባር ትምህርቱ ይህንኑ ምሳሌ አንሥቷል። ለረጅም ዘመን በታማኝነት ያገለገለ ውሻ ሲያረጅ ጌታው እስኪሞት ድረስ ሊጦረው ይገባል ይላል። ምክንያቱ ግን ለውሻው ግዴታ ስላለብን ሳይሆን፣ በእንስሳ ላይ የጨከነ ልብ በሰው ላይም መጨከን ስለሚለምድ ነው። ከውጤቱ እስማማለሁ፤ በምክንያቱ ግን አልረካም። ማታ የሚራበው የእኔ ሰብአዊነት ሳይሆን የመቻል ሆድ ነው። ዕዳው ለማን ነው ቢባል፣ ባለመከፈሉ ለሚጎዳው ነው እላለሁ።

ይህን ካልሁ ለአበዳሪው ጠበቃ መቆም አለብኝ፤ አለበለዚያ ፍርዱ የአንድ ወገን ይሆናል። በዘገየሁ ቁጥር ውሻዬን የሚቀልበው በእርግጥ ማን ነው? ወዳጄ ነው። እሱ ሳይፈቅድ፣ ሳያውቅም፣ በገንዘቡ ሳንባ እየገዛሁ ነው። መዘግየት ደግሞ ነፃ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት 10,000 ብር አበድሮ ከዚያ በኋላ 10,000 ብር የተመለሰለት ሰው ቁጥሩ ተመልሶለታል፤ ጤፉ ግን አልተመለሰለትም። እንዲህ ባለ ዘመን «ቆይ እከፍልሃለሁ» ማለት ከአበዳሪው ማድጋ በየወሩ አንድ ጭልፋ እንደ መቅዳት ነው።

ስለዚህ ሁለት እውነተኛ ዕዳዎች ተፋጠጡ። አንዱ ወረቀት አለው፣ አንዱ የለውም። አንዱ አፍ አለው፣ አንዱ የለውም። በምን እንፍረድ?

ብዙዎቻችን ሳናስበው የምንፈርደው በጩኸት ነው። ቀድሞ የሚከፈለው አብዝቶ የጠየቀ፣ በር ያንኳኳ፣ ስልክ የደወለ ነው። በ2014 ዓ.ም. ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር አነስተኛ ብድር በስልክ መስጠት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የማይረሳ፣ የማይደክመው፣ ቀኑን ጠብቆ መልእክት የሚልክ አበዳሪ በኪሳችን ይዘን እንዞራለን። መጠየቁ መብቱ ነው። ነገር ግን ስልኩ ስለ ጮኸ ብቻ ከባለ ሱቋ ቢቀድም፣ ፈራጁ ሕሊናችን ሳይሆን ጆሯችን ነው።

እኔ የያዝሁት መለኪያ ሌላ ነው። እያንዳንዱን ጠባቂ በስሙ ጠርቼ «በዚህ ወር ባልከፍለው ምን ይሆናል?» እላለሁ። ባንክ ቢዘገይበት ቅጣት ይጨምራል፤ ቅጣቱን የምሸከመው እኔ ነኝ። ወዳጄ ደመወዝተኛ ነው፤ ቢከፋውም ጦሙን አያድርም። ባለ ሱቋ ግን ሌላ ናት። የዱቤ መዝገቧ ላይ የሰፈረው 2,500 ብር ነገ ከጅምላ ነጋዴ ዘይትና ስኳር የምታመጣበት ገንዘብ ነው። አምስት ደንበኛ እንደ እኔ ቢዘገይባት መደርደሪያዋ ባዶ ይሆናል፤ ልጆቿም አብረው። የዕቁቡም የመጨረሻ ባለ ዕጣ ዓመቱን ሙሉ እኔን አምኖ የጠበቀ ሰው ነው። መቻል ደግሞ ሌላ ደጅ የለውም። በዚህ መለኪያ ሲሰለፉ ባለ ሱቋ ፊት ትቆማለች፣ ዕቁቡ ይከተላል፣ የመቻል ፉርሽካ ከወዳጄ በፊት ይገባል፤ የመቻል ሳንባ ግን ከወዳጄ በኋላ ይሆናል። ፉርሽካውና ሳንባው መለየታቸው ቀላል ነገር አይደለም። ግዴታዬ እንዳይራብ ነው፤ እንዲጣፍጠው ማድረጉ ስጦታ ነው። ስጦታ ደግሞ ከዕዳ በኋላ ይመጣል።

ከሁሉም በፊት ግን የሚቆረጥ አንድ ሰው አለ፤ እሱም ቆራጩ ነው። ማኪያቶዬን ሳልነካ የውሻውን ሳንባ ብነካ፣ ወይም የወዳጄን ቀን ባራዝም፣ መለኪያው ሁሉ ጨዋታ ይሆናል። ይህን ካደረግሁ በኋላ ዝርዝሩን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፌ ለወዳጄ ሰጠሁት። የመቻልን 1,000 ብር አልሸሸግሁም። ወዳጄ ጣቱን እዚያ መስመር ላይ አሳርፎ «ይህ አይቀነስም?» አለኝ። ተነጋገርን። ሳንባው ለቅዳሜ ብቻ እንዲሆን፣ በሌላው ቀን ፉርሽካ ከአጥንት መረቅና ከእንጀራ ትርፍራፊ ጋር እንዲቀቀልለት፣ እኔም በወር 1,500 ብር እየከፈልሁ በዓመት እንድጨርስ ተስማማን። ከዚያ ቀን ወዲህ ወዳጄ ከውሻዬ ቀለብ የሚያዋጣ ከሆነ አውቆና ፈቅዶ ነው። የተሰወረ መዘግየትና የተነገረ መዘግየት በብር አንድ ናቸው፤ በሥነ ምግባር ግን አንዱ መውሰድ ነው፣ ሌላው መቀበል።

ከባዱ ጥያቄ ግን ገና አልተነካም። አበዳሪዬ ወዳጄ ሳይሆን ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጥ እናት ብትሆንና እኔ ባለመክፈሌ ልጇ ሳይበላ ቢያድርስ? ማኪያቶውም፣ ሳንባውም፣ ሌላውም ትርፍ ሁሉ ተቆርጦ አልበቃ ካለ፣ የሰው ልጅ ከውሻ ይቀድማል። በዚህ ላይ አላቅማማም። ነገር ግን መቅደሙ ውሻውን አውጥቶ የመጣል ፈቃድ አይሆንም። ያኔ ግዴታዬ ሌላ ቤት መፈለግ ነው፤ ግቢ ያለው፣ ጠባቂ የሚፈልግ፣ ሊቀልበው የሚችል ሰው። ማታ መኪና ላይ ጭኖ ሩቅ ሰፈር ጥሎት የሚመለስ ሰው ዕዳውን አልቀነሰም፤ ለማያውቀው ሰው አስተላለፈው። ያልተከተበና የተራበ ውሻ ጎዳና ላይ ሲበዛ የሚነከሰው የድሃ ልጅ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የአንድ ቤት ቁጠባ የሌላ ቤት ለቅሶ ይሆናል።

ሃይማኖቶቻችንም ሁለቱን ዕዳዎች አልለያዩአቸውም። በእስልምና ትምህርት ድመት አሥራ ሳታበላትም፣ ራሷ ፈልጋ እንድትበላ ሳትለቅቃትም የገደለች ሴት መቀጣቷ ይነገራል። በዚያው ትምህርት ነቢዩ በዕዳ በሞተ ሰው አስከሬን ላይ፣ ዕዳውን የሚሸከምለት እስኪገኝ ድረስ ከመስገድ መቆጠባቸው ይነገራል። ቤተ ክርስቲያናችን በቅዱሳት መጻሕፍት የምትቆጥረው መጽሐፈ ጦቢትም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የአንድ የተቸገረ ቤት ሒሳብ ነው። ጦቢት ዐይኑ ጠፍቶ ሚስቱ ሐና በቅጥር ሥራ ታሳድረዋለች። አሠሪዎቿ ከደመወዟ በላይ አንዲት የፍየል ግልገል ሲጨምሩላት፣ ጦቢት ጩኸቷን ሰምቶ «ተሰርቃ እንዳይሆን፣ ለባለቤቶቿ መልሺ» ብሎ ይጣላታል። የሰው ገንዘብ ፍርሃት ሚስቱን እስከ መጠርጠር አደረሰው። በኋላ ሜዶን አገር ገባኤል ዘንድ በአደራ ያስቀመጠው 10 መክሊት ብር ትዝ ብሎት ልጁን ጦብያን ይልከዋል። ለመንገድ መሪው በቀን አንድ ድራክማ ተዋዋለለት፤ መሪው መልአኩ ሩፋኤል መሆኑን አላወቀም። ልጁና መልአኩ ሲነሡ ውሻውም አብሮ ተነሣ ይላል መጽሐፉ፤ ሲመለሱም አብሮ ተመለሰ። ለመልአኩ እንኳ ደመወዝ ተቆርጦለታል። ውሻው ግን ውል አልጠየቀም፤ የዚያን ሁሉ መንገድ ስንቅ ማን እንዳበላውም አልተጻፈም። አብሮ መመለሱ ብቻ አንድ ሰው በየዕለቱ ከራሱ ቆርሶ ሲሰጠው እንደነበረ ይነግረናል።

የቤት ሒሳብ ስንጽፍ የሚጠይቁንን ሁሉ እንጽፋለን። የማይጠይቁንንስ? ብቻውን ለሚኖር ሰው ይህ የሥነ ምግባር ፈተናው ይመስለኛል። መዝገቡን የሚያይበት ሰው የለም፤ ቢያጎድል የሚመሰክርበት የለም። ድሮ ባለ ዕዳውን ከአበዳሪው ጋር የሚያቆራኘው ሰንሰለት ነበር። ዛሬ ሰንሰለቱ ያለው በውሻው አንገት ላይ ነው፤ ጫፉን የያዝነው እኛ ነን። ሰንሰለት ደግሞ ሁለቱንም ጫፍ ያሥራል። አከራዬ ዳግመኛ ቢጠይቁኝ የምመልስላቸው ይህን ነው፦ «እማማ፣ ዕዳዬን ልከፍል ነው ሳንባ የምገዛው፤ የቀረውንም በተራው እከፍላለሁ።»